ጥግ ላይ የተጻፈ ስም

ኖቬምበር 7፣ 1881፣ ሰኞ። ሊዮን

ዶክተር ቴራሶን ዛሬ ወፍራም መዝገብ ሰጡኝ። ፎቶ የማነሳውን ሕመምተኛ ሁሉ በቁጥር፣ በቀንና በበሽታው ዓይነት እንድመዘግብበት ነው። እኔ ደግሞ ስመለስ ይቺን ትንሽ ደብተር ገዛሁ። በዚያኛው የማይገባው እዚህ ይግባ ብዬ ነው።

ሃያ አምስት ዓመት ሙሽራና ቆራቢ ልጅ ሳነሳ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሱቄ ከተዘጋ ወዲህ ሆስፒታል ውስጥ ቁስል አነሳለሁ። ሙያው ያው ነው፤ ብርሃን፣ መስታወት፣ «እባክዎ እንዳይነቃነቁ»። ልዩነቱ እዚህ ማንም ፈገግ አይልም፤ ፎቶውንም ሊወስድ የሚመጣ የለም።

የዶክተሩ የቆዳ በሽታ መጽሐፍ አርባ ምስል ይኖረዋል። ክፍል በክፍል እየታተመ እስከ ፌብሩዋሪ ማለቅ አለበት። ሰማዩ ግን ይህን የሚያውቅ አይመስልም። ከከተማው ሁለት ወንዞች የሚነሳው ጭጋግ ፎቶ የማነሳበት ሰገነት መስኮት ላይ ተለጥፎ ውሏል። በበጋ ሦስት ሰከንድ የሚበቃው ሥራ ዛሬ ዘጠኝ ፈጀ። እግሩ የቆሰለው ሽማግሌ ተንቀጠቀጠብኝና ሦስት እግር አውጥቶ ታተመ።

ደክሞኛል። እጄ ከፎቶ ማጠቢያው መድኃኒት ብዛት እንደ ከሰል ሻጭ እጅ ጠቁሯል።

ኖቬምበር 11፣ ዓርብ

ጭጋግ። ምስሉ የሚያርፍበት መስታወት ሁለት ተበላሸ።

ራሷን ቆረቆር የወረሳት የስድስት ዓመት ልጅ ካሜራውን ስታይ ጮኸች። የሴቶቹን ክፍል የሚያስተዳድሩት መነኩሲት፣ እማሆይ ሴራፊን፣ አገጯን ይዘው አቆሟት። መስታወቱ ሲታጠብ የእማሆይ እጅም አብሮ ወጣ። ዶክተሩ «እጁን አጥፋው» አሉ። በእርሳስ አጠፋሁት። አሁን ልጅቷ በራሷ ፈቃድ ቀጥ ብላ የቆመች ትመስላለች።

ማታ ሾርባ ስንጠጣ ፊሊበርት ነገር ጀመረች። እህቴ ናት፤ ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ቤቴን የያዘችው እሷ ናት።

«ዛሬ ደግሞ የማንን ገመና ስታይ ዋልክ?»

«ሥራ ነው፣ ፊሊበርት።»

«የኖኤሚም ሥራ ነበር?»

ዳቦዬን ሾርባው ውስጥ ነከርኩ። ኖኤሚ ሚስቴ ናት። ልትሞት ሁለት ቀን ሲቀራት፣ ተኝታ ሳለች አነሳኋት። ስትነቃ የመድኃኒቱ ሽታ ገባትና ዞር ብላ አየችኝ። «ብትጠይቀኝ እኮ እሺ እልህ ነበር» አለች። መስታወቱ ቁም ሳጥን ውስጥ አለ፤ እስከ ዛሬ አላተምኩትም። ስለ እሱ መጻፍ አልፈልግም።

ኖቬምበር 16፣ ረቡዕ

ቁጥር 23። ፔርኔት ቮዜል፣ ሠላሳ አራት ዓመት፣ ባሏ የሞተባት፣ ሸማኔዎቹ ካሉበት ኮረብታ የመጣች። ሐር ቤት ውስጥ ድር የምታዳውር ሴት ናት። ከማጅራቷ እስከ ወገቧ ቆዳዋ ቀልቶ፣ በላዩ ላይ ነጭ ቅርፊት ተነባብሯል። ስትንቀሳቀስ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይረግፋል። አያምም ትላለች፤ ያሳክካል እንጂ።

ተማሪዎቹ ከበቧት። አንዱ «እንዴት ያለ ቆንጆ በሽታ ነው!» አለ። እነሱ እንዲህ ነው የሚናገሩት።

«ሰማችሁ?» አለች ፔርኔት ወደ ግድግዳው እንደዞረች። «በሠላሳ አራት ዓመቴ አንድ ወንድ ቆንጆ ቢል፣ እሱም ለበሽታዬ ሆነ!»

ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቄ አመለጠኝ። ከሄዱ በኋላ ግን ነጠላ ሸሚዟን ደረቷ ላይ ሰብስባ ወደ ካሜራው መጣች።

«ሙሴ፣ ይሄ ዓይን የሚያየው ጀርባዬን ነው ወይስ ፊቴን?»

«ጀርባሽን።»

«ጀርባዬን እንኳን እርስዎ፣ ሰይጣንም ይየው። ፊቴን ግን አደራ። አሠሪዬ ማዳም ግሮቦን ሳንባዬን የታመምኩ ነው የሚመስላቸው። ለሳንባ ያዝናሉ። ገላዋ የሚረግፍ ሴት ግን ነጭ ሐር ትነካለች? እንኳን እኔን፣ ጥፍሯ ክር የሚይዝባትን ልጅ እንኳ በአንድ ቀን ነው ያባረሯት። እኔ ደግሞ ከማዳወር ሌላ ሙያ የለኝም።»

«ፊትሽ አይታይም።»

«ይምሉልኛል?»

«ሃያ አምስት ዓመት ፎቶ ያነሳሁ ሰው ነኝ።»

«እሱ ዕድሜ ነው እንጂ መሐላ አይደለም» አለችና ዞረችልኝ።

አምስት ሰከንድ። ንቅንቅ አላለችም፤ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ክር መቁጠር የለመደ ሰው ነው። በዚህ ወር ካነሳሁት ሁሉ የተሻለ ነው። መስታወቱ ሲደርቅ ጥጉ ላይ ስሟን በመርፌ ጫርኩ፤ ሲታተም ቀና ብሎ እንዲነበብ ገልብጬ። የሱቅ ልማድ ነው፤ የአንዷ ሙሽራ ፎቶ ለሌላዋ እንዳይሰጥ ሁልጊዜ እንዲህ እናደርግ ነበር። እዚህ ቁጥሩ ይበቃል። እጄ ግን ለምዷል። ደግሞም ጽሕፈቴን ሰው ያደንቅልኝ ነበር።

ኖቬምበር 21፣ ሰኞ

ዶክተሩ ፎቶውን አዩት።

«ሪቯር፣ ይሄ ጀርባ የማን ነው?»

«የቁጥር 23፣ ዶክተር።»

«አይደለም። ጭንቅላት የሌለው ጀርባ የማንም ነው። ነገ ቅባቴ ሲፈውሳት፣ ሌላ ጤነኛ ሴት ነው ያቆምከው ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ? የፓሪስ ሐኪሞች እንዲህ ለማለት አሰፍስፈው ነው የሚጠብቁኝ። ፊቷን በትከሻዋ በኩል ታዙር።»

«ቃል ገብቼላታለሁ።»

«አንተ ማን ነህና ነው ቃል የምትገባው?»

በቁጣ አልነበረም የጠየቁኝ። በእውነት ማወቅ የፈለጉ ይመስሉ ነበር። ፎቶውን ይዤ ወጣሁ። እማሆይ ሴራፊን በኮሪደሩ አብረውኝ ሲሄዱ፣ «አይዘኑ ሙሴ ሪቯር፤ ድሃ ላገኘው ሕክምና ከገላው ሌላ ምን ይሰጣል?» አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ነው።

ቤት ኪራይ። የፊሊበርት ጉልበት። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ሌላ ማን ይቀጥረኛል?

ኖቬምበር 24፣ ሐሙስ

ተሳካ። ከተሳካ ደግሞ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ፔርኔት ዕድሜዋን ሙሉ ለራሷ ፎቶ ተነስታ አታውቅም። እኔ ከሱቄ የተረፈ ባለ ጌጥ ወንበርና ሥዕል ያለበት መጋረጃ አለኝ። «ልብስሽን ለብሰሽ፣ ባርኔጣሽን አድርገሽ፣ እንደ ማዳም አድርጌ ላንሳሽ። ለራስሽ የሚሆን» አልኳት።

«እና በምትኩ?»

ሞኝ አይደለችም። ነገርኳት።

«መጽሐፉን የሚያየው ማን ነው?»

«ሐኪሞች ብቻ። ዶክተሩ እንዲህ ብለውኛል» አልኳት።

«ሐኪም ሐር አይገዛም?»

«የሐኪም ሚስት ትገዛለች» አልኩ፤ ለቀልድ። አልሳቀችም። ቆይታ ግን «እርስዎ ካሉ እንግዲህ» ብላ ሸሚዟን አወለቀች፤ ፊቷንም በግራ ትከሻዋ በኩል አዞረች። ብርሃኑ ግማሽ ጉንጯን ብቻ ነካው። ስድስት ሰከንድ። ዓይኗን አልጨፈነችም፤ ቀጥ ብላ እኔን ነው የምታየው።

አሮጌውን መስታወት ዶክተሩ አስጣሉት። በአዲሱ ላይ ስሟን ጫርኩ።

ዶክተሩ «ሐኪሞች ብቻ» ብለው እንደሆነ አሁን ለማስታወስ እየሞከርኩ ነው። ሳይሉ አይቀርም። የሐኪም መጽሐፍ ሌላ ማን ይገዛዋል?

ዲሴምበር 8፣ ሐሙስ

የእመቤታችን በዓል። ከተማው ሁሉ በመስኮቱ ሻማ አሰልፏል። ፊሊበርት አስራ ሁለት ደርድራ አንዱን «ለኖኤሚ» አለች። እኔ ሃያ ዘጠነኛውን መስታወት አጥቤ መምጣቴ ነው፤ ዓይኔ ስለሚያቃጥል ሻማው ሁሉ ሁለት ሁለት ሆኖ ታየኝ። ቶሎ ተኛሁ።

ዲሴምበር 13፣ ማክሰኞ

የፔርኔትን የራሷን ፎቶ ሰጠኋት። ሦስት ምሽት ደክሜበታለሁ። ከዓይኗ ሥር ያለውን ጥላ አነሳሁ፤ አገጯ ላይ ያለችውን ጠባሳ ደመሰስኩ፤ ወገቧን ትንሽ ቀጠን አደረግሁት። በሱቄ ዘመን ይህን ሳደርግ ሴቶች እጄን ሊስሙ ይደርሱ ነበር።

ፔርኔት ፎቶውን አርቃ አየችው፤ አቀረበችው።

«ቆንጆ ናት» አለች። «ማን ናት?»

«አንቺ ነሻ!»

«ጠባሳዬስ? እናቴ የወደቅኩ ጊዜ ያለቀሰችበት ጠባሳ ነው። እንዲያው ሙሴ፣ የማይታየውን ያሳያሉ፣ የሚታየውን ይደብቃሉ። ምን ዓይነት ሰው ነዎት?» እየሳቀች ነው የምትለው። ፎቶውን በመሐረብ ጠቅልላ ትራሷ ሥር አስገባችው።

ወደ ሰገነቱ ስወጣ ግን ንግግሯ ቆረቆረኝ። ሥራዬን እንደዚያ ብሎ የገለጸልኝ ሰው የለም።

ዲሴምበር 29፣ ሐሙስ

ቅባቱ ሠርቷል። ይህን ለዶክተሩ መመስከር አለብኝ። ቆዳዋን ቡናማ አደረገው፣ አንሶላውን ሁሉ አበላሸው፣ ግን ቅርፊቱ ረገፈ። ማጅራቷ እንደማንም ሰው ማጅራት ሆኗል። ሁለተኛውን ፎቶ በዚያው አቋም አነሳሁ።

«አሁን እንኳን እኔ ሐር ልነካ፣ ሐሩም ይነካኛል» አለች። ለአዲስ ዓመት ቤቷ ትገባለች። ዶክተሩ «በሽታው በሌላ ክረምት ሊመለስ ይችላል» አሏት። «እስከዚያ የሚሠራ ሰው አያማርርም» ብላቸው ወጣች።

በር ላይ ደርሳ ተመለሰች። «ሙሴ፣ አደራዬን!» አለች። «አደራሽን» አልኩ።

ጃንዋሪ 12፣ 1882፣ ሐሙስ

ጥድፊያ። አታሚው የማረሚያ ወረቀቶቹን ላከ፤ እስከ ስድስት ሰዓት ፈርሜ መመለስ አለብኝ። ዶክተሩ አዲስ ሐሳብ አመጡ፦ ምስሎቹ ዳር ዳራቸው ሳይቆረጥ፣ መስታወቱ እንዳለ ይታተም። «እንዳልነካነው ይዩ» አሉ። እርሳሴ እጄ ላይ ነበር።

አስራ አራት ወረቀት በአንድ ሰዓት። ፈረምኩ። በአንዱ ጥግ ላይ የተጻፈ ነገር አለ፤ አታሚው ይቆርጠዋል። ላክሁት።

ራስ ምታት።

ጃንዋሪ 23፣ ሰኞ

ባንክ ወድቋል እየተባለ ከተማው ታምሷል። ኮረብታው ላይ ግማሹ መሸመኛ ቆሟል። ፊሊበርት ከገበያ ስትመለስ «ሥራ ያለው ሰው አሁን በጥርሱም ቢሆን ይዞት ይደር» አለችኝ። ለእኔ ነው የምትናገረው። እኔ ያሰብኩት ግን ፔርኔትን ነው። ቢያንስ እሷ በጊዜ ገብታለች።

ጃንዋሪ 31፣ ማክሰኞ

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ሦስተኛው ክፍል ወጥቷል። ድልድዩ አጠገብ ያለው መጻሕፍት ሻጭ ገጾቹን ፈታትቶ መስኮቱ ላይ ሰቅሏቸዋል። ፊሊበርት ናት የነገረችኝ፤ «ያንተን ራቁት ሴቶች ለማየት ሰልፍ ይዘዋል» ብላ። ሄድኩ። ሠላሳ የሚሆን ሰው፣ ተማሪ፣ ዳቦ ጋጋሪ፣ ደብዳቤ አመላላሽ። አንዱ «ይቺ ትሻላለች፣ ጀርባዋን ተወው እንጂ ፊቷ አይከፋም» ይላል።

መካከል ላይ የተሰቀለችው ፔርኔት ናት። በትከሻዋ በኩል ታየኛለች። በቀኝ ጥግ፣ በጥቁር፣ በዚያ ሰው በሚያደንቅልኝ ጽሕፈት፣ «ፔርኔት ቮዜል»። ከመንገዱ ማዶ ይነበባል።

ገብቼ እንዲያወርደው ለመንኩት። «ሙሴ፣ ዛሬ ሰው ያስገባልኝ እሱ ነው» አለኝ።

ማረሚያው ላይ አላየሁትም። ዓይኔ ደክሟል፤ አስራ አራት ወረቀት ነበር። አታሚው መቁረጥ ነበረበት። አላየሁትም።

ፌብሩዋሪ 1፣ ረቡዕ

ለዶክተሩ ነገርኳቸው። ወረቀቱን በማጉያ አዩት።

«አታሚው ሊቆርጠው ይገባ ነበር» አልኩ።

«እንዳይቆረጥ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ስሙን የጻፈው ማን ነው?»

ማጉያውን ተቀብዬ ጽሕፈቴን አየሁት።

«ለማንኛውም» አሉ፣ «ጥሩ ነው። ስም ያላት ሕመምተኛ ትታመናለች። ሁለት መቶ ቅጂ ወጥቷል። ተወው።»

ፌብሩዋሪ 3፣ ዓርብ

መጣች። ሰገነቱን ያለ ፈቃድ ወጣች፤ እማሆይ ሴራፊን ከኋላዋ ይጣራሉ። ያለቀሰች መስሎኝ ነበር፤ አላለቀሰችም። እሱ ነው የከበደኝ።

«የሐር ቤቱ ንድፍ ሠሪ አይቶኝ ለማዳም ነገራቸው። ማዳም ራሳቸው ወርደው አዩ። ትናንት መቀሴን ከነኪሱ አስረክቢ ተባልኩ። ሰባቱ ሴቶች ያዳወርኩትን ክር በእንጨት እየያዙ ወደ ጓሮ አወጡት፤ በእጃቸው እንኳ አልነኩትም። አስራ አንድ ዓመት አብረውኝ የበሉ ሴቶች።»

«ፔርኔት፣ አታሚው...»

«አታሚውን አላውቀውም። እኔ የማውቀው እርስዎን ነው።»

ወንበር ሰጠኋት፤ አልተቀመጠችም።

«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ይቅርታዎን አልፈልግም። የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ፊቴ በግማሽ ነው የሚታየው፤ ማንንም ሊመስል ይችላል። የያዘኝ ስሙ ነው። ማዳም ግሮቦን ዘንድ ይሂዱና፣ ስሙን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ሴትየዋ ሌላ ናት ይበሉ። ማጅራቴን ያዩታል፤ ንጹህ ነው። እርስዎ ጢም ያለዎት ባለሙያ ነዎት፤ ያምኑዎታል። እኔን አያምኑኝም።»

«እንዲያ ካልኩ ዶክተሩ...»

«ያባርሩዎታል። እኔን እንዳባረሩኝ።»

እሄዳለሁ አልኳት። ነገ።

ፌብሩዋሪ 4

ዶክተሩ አስቸኳይ አሉ። ሁለት ቆረቆር፣ አንድ ለምጽ። አልሄድኩም።

ፌብሩዋሪ 6

ጭጋግ። ኮረብታው ደረጃ ያዳልጣል።

ፌብሩዋሪ 8

ማዳም ግሮቦን ረቡዕ እንግዳ ይቀበሉ ይሆናል። ደብዳቤ ብጽፍስ? ጀመርኩት። ጽሕፈቴን ሳየው ቀደድኩት።

ፌብሩዋሪ 11፣ ቅዳሜ

ፊሊበርት ከገበያ፦ «ያቺ ሴትዮህ ገበያ ጥግ ለውዝ ስትጠብስ አየኋት። በጓንት ነው የምትሸጠው። ሰው አይገዛትም፤ ማን እንደሆነች ያውቃል።»

«ሴትዮዬ አይደለችም።»

«የማን ናት ታዲያ?»

ራት አልበላሁም። ሥራዬን ባጣ ማን ይጠየቃል? እህቴን ይዤ የት እገባለሁ? ይህን ሁሉ አሰብኩ። ደግሞ ያቺን ዓይን። ስድስት ሰከንድ ሙሉ እኔን ስታይ እንደነበር አሁን ነው የገባኝ፤ ፎቶ ለመነሳት ሳይሆን፣ እኔን በቃሌ ለመያዝ ነበር የምታየኝ። ሰኞ ሳይሆን ማክሰኞ እሄዳለሁ። ሰኞ ዶክተሩ ሥራ ላይ አሉ።

ፌብሩዋሪ 14፣ ማክሰኞ

ሄድኩ። ሁሉንም እንደነበረ ልጻፈው።

ማዳም ግሮቦን አጭር፣ ጥቁር የለበሱ፣ ጣታቸው ሐር የሚፈትሽ ሴት ናቸው። ስናገር እንኳ የካፖርቴን እጅጌ በሁለት ጣት ይዳብሱ ነበር። የሆስፒታሉ ፎቶ አንሺ መሆኔን ነገርኳቸው። በመስታወቱ ጥግ ላይ ስሙን የጫርኩት እኔ መሆኔን፣ ፔርኔት የመጣችው ለሳንባዋ መሆኑን፣ ስሟን በተሳሳተ መስታወት ላይ መጻፌን ነገርኳቸው። ከደረጃው ሥር ጀምሮ ስደጋግመው ስለነበር ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

«ጥሩ» አሉ። «ሴትየዋ ፔርኔት ካልሆነች ማን ናት?»

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። አስራ አንድ ቀን ስፈራ ከርሜ ይህን አላሰብኩበትም። መዝገቡ ውስጥ ያሉት ሴቶች ሁሉ በአእምሮዬ አለፉ፤ ሁሉም በሕይወት ያሉ፣ ሁሉም የሆነ ሰው የሚያውቃቸው። የማንኛቸውንም ስም ብጠራ ሌላ በር ላይ ሌላ ሴት ትቆማለች።

«ሚስቴ ናት» አልኩ። «ኖኤሚ ሪቯር። ከሦስት ዓመት በፊት ሞታለች። የድሮ መስታወት ነው፤ ተቀላቅሎብኝ ነው።»

የማዳም ግሮቦን ፊት ወዲያው ተለወጠ። እጅጌዬን ለቀቁ። ወንበር አስመጡልኝ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ሙሴ። እንዲህ ያለ ነገር ማንም በውሸት አይናገርም። ከባድ ነበር እንዴ ሕመሟ?»

«ከባድ ነበር።»

«ምስኪን። ከሰው ደብቃ ነው የኖረች ማለት ነው?»

«አዎ፣ ደብቃ ነው።» አንዱ ውሸት ሌላውን እየጎተተ ይመጣል፤ ምንም ድካም የለውም።

ፔርኔትን ከገበያ አስጠሩ። ወደ መስኮቱ አዙረው አንገትጌዋን ገለጥ አድርገው ማጅራቷን በጣታቸው ሄዱበት፤ ልክ ሐር እንደሚፈትሹ። «ሰኞ ግቢ» አሏት። ከዚያም «የዚህ ምስኪን ሰው ሚስት ፎቶ ያንቺ መስሎን በከንቱ ፈረድንብሽ» ብለው ሁሉንም ነገሯት። ፔርኔት አመሰገነች። እኔን አላየችኝም።

ደረጃውን ስወርድ ቀልሎኝ ነበር። ስንት ጊዜ ሆነኝ እንዲህ ከቀለለኝ! ኖኤሚ ደግ ሴት ነበረች። ቢነግሯት እሺ ትል ነበር።

ፌብሩዋሪ 18፣ ቅዳሜ

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ፊሊበርት ባዶ ዘንቢል ይዛ ከገበያ ገባች።

«ኖኤሚ ገላዋ ይረግፍ ነበር አሉኝ» አለች። «ዓሣ ሻጯ ናት የጠየቀችኝ። ያስተላልፋል ወይ፣ አንቺስ አልያዘሽም ወይ አለችኝ። ኖኤሚ! ገላዋ እንደ ወተት የነበረው! ማን ነው እንዲህ የሚላት ብል፣ ባሏ አሉኝ።»

ለማስረዳት ሞከርኩ። ስለ ፔርኔት፣ ስለ አደራው፣ ስለ ሥራዋ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«አንዷን ለማልበስ ሌላዋን አወለቅህ» አለች። «ሞታም አላረፈችም ካንተ።»

ከዚያ ወዲህ ሾርባውን አስቀምጣልኝ ኩሽና ውስጥ ትበላለች።

ፌብሩዋሪ 20፣ ሰኞ

ዶክተሩ ሰምተዋል። አልጮኹም። «ከምስሎቼ አንዷ የአንተ ሚስት ናት እያልክ ነው አሉ። መጽሐፌን የማን አልበም አደረግኸው?» እውነቱን ነገርኳቸው። «እሱማ አውቃለሁ» አሉ፤ «የተባለው ግን ተብሏል።» በወሩ መጨረሻ እለቃለሁ። ሌላ ሰው ተገኝቷል፤ ስም የመጫር ልማድ የለውም ተባልኩ።

አልተከራከርኩም። እንዲያውም ትክክል መሰለኝ። ፔርኔት ዛሬ ሥራ ገብታለች፤ እኔ እወጣለሁ። ሒሳቡ ተዘጋ ብዬ ነው የወረድኩት።

ፌብሩዋሪ 22፣ ረቡዕ

የጾም መግቢያ። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ አመድ ተቀባሁ። ስወጣ በር ላይ ፔርኔት ቆማለች፤ እሷም ግንባሯ ላይ አመድ አለ። እኔን እየጠበቀች እንደነበር ያስታውቃል።

«ሰኞ ገባሁ» አለች።

«ደስ ብሎኛል።»

«ማጅራቴን ማዳም በየሳምንቱ ቅዳሜ ያዩታል። ለጊዜው ንጹህ ነው። ሴቶቹ አጠገቤ መቀመጥ ጀምረዋል።»

«እኔም ከሆስፒታሉ ልወጣ ነው» አልኳት። ልነግራት ፈልጌ ነበር። ምን እንድትለኝ እንደፈለግሁ አሁን ለራሴም መጻፍ ያሳፍረኛል።

«ሰምቻለሁ። እግዜር ይስጥዎ።» መሐረቧን በእጇ አጣጠፈች፤ ፈታችው። «ሐር ቤት ውስጥ ሴቶቹ ስለ ሚስትዎ ነው የሚያወሩት። ከጠዋት እስከ ማታ። በየት በኩል ጀመራት፣ እንዴት ደበቀች፣ ከባሏ ጋር እንዴት ተኛች። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ድሬን አዳውራለሁ። ስለ እኔ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የሚነሳው ስም ግን የእሷ ነው።»

«ሞታለች እኮ፣ ፔርኔት። አትሰማም።»

«ጠየቋት?»

«ሞታለች አልኩሽ...»

«እሱን ሰምቻለሁ። በስሟ ከመናገርዎ በፊት፣ ደረጃውን ሲወጡ እንኳን፣ በልብዎ ጠየቋት ወይ?»

ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ እየወጣ በመካከላችን አለፈ። ፔርኔት መልስ ጠበቀች። ፊቷን ቀጥ አድርጋ፣ ያለ ትከሻ፣ ያለ ጥላ። ከዚያ ደወል ተደወለ፤ ሥራ ሰዓቷ ነውና ወደ ኮረብታው ወጣች።

ቤት ገብቼ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። የኖኤሚን መስታወት ወደ መስኮቱ አነሳሁት። ተኝታለች። ጥጉ ላይ ምንም አልተጫረበትም፤ ያን ጊዜ ማን እንደሆነች ስለማውቅ ስም አላስፈለገኝም ነበር።

ፊሊበርት ከኩሽና «ምን ትሠራለህ?» አለችኝ።

«ምንም» አልኳት።